ማጣሪያውን የሚያጸዳው ማን ነው?

«አያ ታከለ፣ ከአንተ ሌላ ማን ያጸዳዋል!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ዛሬ ረፋድ ላይ በገዴራ ከተማ አዳራሽ የተሰበሰብነው፣ በመንግሥት ድጎማ የፍሳሽ ዝቃጭ ማቃጠያ ምድጃ እንደሚሠራ ሊነገረን ነው። የኩባንያው መሐንዲስ፣ «ለአየር ንብረት የሚስማማ ነው፤ ጢሱን ማጣሪያ ይይዘዋል» አለ። ለዝቃጭ ይህን ያህል ውዳሴ ሲቀርብ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቴ አቶ ታከለ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ከፍሳሽ ገንዳ ዝቃጭ ሲዝቅ የኖረ ሠራተኛ ነው። «ማጣሪያውንስ የሚያጸዳው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው እርሱ ነበር፤ ሳቁም የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሳቁ ሲበርድ፣ በዕብራይስጥ ጀምሮ፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ እኔ ነኝ። እናንተ የማትተነፍሱት አመድ ለእኔ ሳንባ ይበጃል? ጭምብልና የሐኪም ምርመራስ በድጎማው ውስጥ አለ?» አለ።

መሐንዲሱ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «ድጎማው ለምድጃው ብቻ ነው» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለሰማዩ የሚጠነቀቅ መንግሥት ለሠራተኛው ሳንባ ካልተጠነቀቀ፣ ጥንቃቄው ማስመሰል ነው። ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርሁ፤ አሁንም በዚህ ጽሑፍ እደግመዋለሁ።

በያቭነና በቂርያት ማላኪ ከተሞች እንዲህ ባለ ሥራ የተሰማራችሁ ወገኖች፣ የተሰጣችሁን መከላከያ ጻፉልኝ። ምንም ካልተሰጣችሁም «ምንም» ብላችሁ ጻፉ።