ታፔላ ጸሐፊው ኦጎላ ዌብሳይት ሲሠራ

ኦጎላ ኬንያ ውስጥ፣ ከኪሱሙ ከተማ አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር ሠላሳ ዓመት ታፔላ የጻፈ ሰው ነው። የጸጉር ቤቱም፣ የፋርማሲውም፣ የጀልባውም ስም ከእሱ ብሩሽ የወጣ ነው። ለቀጥታ መስመር ማስመሪያ አያነሳም፤ የሚያነሳውንም ይንቃል። ከዚያ ባነር የሚያትም ማሽን ከተማ ገባና ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፣ ሥራ የለም።

ሚስቱ ፔኒና በልጃቸው ስም እየጠራች ትቀልድበታለች። "ባባ አፒዮ፣ ብሩሹ እኮ ሳይሠራ በመታጠብ ብዛት ሊመለጥ ነው!"

ይስቃል፤ ውስጡን ግን ይበላዋል።

ታዲያ ዓሣ በጭስ እያደረቁ የሚሸጡ ሴቶች ማኅበር ዌብሳይት ፈለገ። የናይሮቢ ሆቴሎች "ገጻችሁን ላኩልን" እያሉ ሴቶቹን መውጫ አሳጥተዋቸዋል። ሊቀመንበሯ ማማ አዶዮ ከከተማ ባለሙያ ላስመጣ ስትል ኦጎላ ዘሎ "እኔ እሠራዋለሁ" አለ። ከምን ተነሥቶ እንዳለው እሱም አያውቅም።

"አንተ? ኮምፒውተሩን ቀለም ልትቀባው ነው?" አለችው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "በል አርብ አሳየን። ካልሆነ የከተማው ሰውዬ ይመጣል።"

ኮድ የሚባል ነገር አያውቅም። ልጁ አፒዮ ግን ኮድ ሳይጻፍ፣ ፊደልና ፎቶ በዓይን እያዩ እየጎተቱ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች እንዳሉ በስልክ ነገረችው፤ ሦስቱን መረጠችለት። የማኅበሩ ገጽ አንዴ ተጽፎ የሚሰቀል ነው፦ ስም፣ የዓሣ ዓይነት፣ ስልክ ቁጥር። ያው ታፔላ አይደል? ልጁ ትታ በሄደችው ላፕቶፕ ያንኑ ገጽ በሦስቱም እየሠራ ሊያወዳድር ተቀመጠ።

አንደኛው ልቡን ወሰደው። ፊደሉን የፈለገበት ቦታ ያስቀምጥለታል፤ ትንሽ ዘንበል፣ ትንሽ ከፍ፣ ልክ እንደ እጁ። ሁለተኛውም ያምራል፤ ግን የሠሩትን አውጥቶ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። በዚያ ላይ ከሥር ጥግ ላይ የራሱን ስም ይለጥፋል። የታፔላ ጥግ የጸሐፊው ስምና ስልክ ቦታ ነው፤ የኦጎላ ደም ፈላ።

"እኔ ለፍቼ አንተ ልትፈርም!" ብሎ ዘጋው።

ሦስተኛው የሠሩትን ፋይል አውጥቶ በእጅ ይሰጣል፤ ጠባዩ ግን ግትር ነው። ሁሉን በሳጥን በሳጥን ያስደረድራል፤ ትንሽ ወደ ግራ ልግፋህ ሲሉት እምቢኝ ይላል። ኦጎላ ናቀው።

አርብ የአንደኛውን ይዞ ሄደ። ላፕቶፑን ሲከፍት ሴቶቹ አጨበጨቡ። ማማ አዶዮ ግን የራሷን ስልክ አውጥታ ገጹን ከፈተችው። የማኅበሩ ስም ግማሹ ከስክሪኑ ወጥቷል፤ ስልክ ቁጥሩ የዓሣው ፎቶ ላይ ተጋድሟል።

"ፉንዲ፣ አንተ ባለሙያ፣ ቁጥሬን ዓሣው ዋጠው እኮ!"

"ማማ፣ እዚህኛው ላይ እኮ ደህና ነው..."

"ሆቴሉ ያንተን ላፕቶፕ ተውሶ ነው የሚያየኝ?"

ሰሌዳውን ለክቶ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ በየሰዉ እጅ የሚጠብና የሚሰፋ ሰሌዳ አለ ብሎ እንዴት ይጠርጥር? እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት እንዲያሳያቸው ለመነ፤ ማማ አዶዮ በስንት ልመና እሺ አለች።

ቅዳሜ የናቀውን ሦስተኛውን ከፈተ። ሳጥኖቹን ደርድሮ በፔኒና ስልክ ሲያየው አንዱ ከአንዱ ሥር እየገባ፣ ምንም ሳይቆረጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። ያ ሁሉ ግትርነት ለካ ለዚህ ኖሯል። ቀለሙንና የፊደሉን ውፍረት ግን ለማንም አልተወም። ከሚሮጥ ማታቱ ሚኒባስ ላይ የማይነበብ ታፔላ ለእሱ ታፔላ አይደለም፤ ስለዚህ ፔኒናን ስልኩን አስይዞ እስከ አጥሩ አስኬዳት።

"ባባ አፒዮ፣ ስልክ ከአጥር ማዶ ቆሞ የሚያነብ ማን አለ?"

"አንቺ ዝም ብለሽ ራቂ!"

የማኅበሩ ስም ከአጥሩ ሥር እስኪነበብ ድረስ ፊደሉን ሲያወፍር፣ ቀለሙን ሲያጠቁር ዋለ።

ሰኞ ሴቶቹ ሁሉ ስልካቸውን አወጡ፤ ትንሹም፣ ትልቁም፣ የተሰነጠቀውም። ማማ አዶዮ አንድ በአንድ እየዞረች አየች። መነጽር የማታደርገው አሮጊት እንኳ ስልኩን ከፊቷ አርቃ ይዛ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

"የከተማውን ሰውዬ አትልፋ በሉት" አለች ማማ አዶዮ።

ኦጎላ እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ከጎረቤት ወደብ ማገዶ ልትገዛ መጥታ የነበረች ሴት አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆይታ ጠጋ አለችው።

"ፉንዲ፣ የእኛንስ? በዚህ ሳምንት ታደርስልናለህ?"

ኦጎላ ሦስት ዓመት የናፈቀውን ቃል ሊናገር ቀና አለ።

"እህቴ፣ በዚህ ሳምንት እንኳ አልችልም" አላት። "ሥራ ይዣለሁ።"