ሦስት ቀን የያዝኩት መርዶ

አባቴ ከወረኢሉ ሲሸኘኝ የሰጠኝ መልእክት አንድ ነበር። «ደርሰህ ለየኔታ ብቻ ንገር። በጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸው ያውቃሉ።»

መልእክቱ የወንድሜ መርዶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ደብር የኔታ ዘንድ አራት ዓመት ቅኔ ተምሯል። በአንድ የገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ ታፍሶ ለውትድርና ተወሰደ፤ ሰሜን ሞተ። ወረቀቱ የመጣው ለኛ፣ በቀበሌያችን በኩል ነው። ጉባኤ ቤቱ መታፈሱን እንጂ መሞቱን አልሰማም። እኔ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ክረምቱን በወንድሜ ቦታ ገብቼ እንድማር፣ በዚያውም መርዶውን እንዳደርስ ተላክሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

የደረስኩት ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ ነው። ተማሪዎቹ ከጉባኤ ቤቱ ወይራ ሥር ተጠልለው ነበር። አንዱ ከሩቅ አይቶኝ ጮኸ፣ ስሙን ጠራ፤ የወንድሜን ስም። ወዲያው ከመካከላቸው አንድ ረጅም ልጅ ወጥቶ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ እኔ ሮጠ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ጠቆረ። እኔ መሆኔን ሲያይ ነው የጠቆረው፤ ያንን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

«ለካ ታናሽዬው ነህ» አለ። «አረማመዳችሁ አንድ ነው።»

ይህ ልጅ የወንድሜ ጓደኛ ነበር። አራቱንም ዓመት በአንድ ጎጆ አብረው ኖረዋል።

«ደብዳቤ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«አብሽር፣ ይመጣል» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገ። እሱ ነው እኔን ያጽናናው።

መርዶ ማታ አይነገርም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ዝም ማለቴ ደንብ ነበር ማለት እችላለሁ። ጎጆው ውስጥ ሁለት መኝታ አለ። አንዱ ላይ የተነጠፈው ጓሳ ሣር አዲስ ነው፤ ገና ይሸታል።

«የሱ ነው» አለ ጓደኛው። «በየወሩ እለውጥለታለሁ። እስኪመጣ አንተ ተኛበት።»

የወንድሜን መኝታ ፈቀደልኝ። አመስግኜ ተጋደምኩ። ጓደኛው ጨለማው ውስጥ ያወራል። ወንድሜ የደብሩን አለቃ ሳል አስመስሎ እየሳለ ሰው እንደሚያስቅ፣ ጅብ ስለሚፈራ ለሽንት ሲወጣ እሱን እንደሚቀሰቅሰው፣ ቅኔ ሲሳካለት ወይራው ላይ ወጥቶ እንደሚዘምር። እኔ የማውቀው ወንድሜ እንዲህ አልነበረም። በኛ ቤት ከአባታችን ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚበላ፣ ሲጠሩት ብቻ የሚናገር ልጅ ነበር። ወንድሜ ሲስቅ ድምፁ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ይሄ ባዳ ያውቃል።

«ስላንተም ያወራል» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«አውቶቡስ ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ ነበር ይላል።» ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሌላ አለ እንደሆነ ጠበቅሁ። ሌላ አልነበረም።

ከዚያ ወንድሜ የታፈሰበትን ቀን ነገረኝ። አብረው ነበሩ። እሱን አንድ የእህል ነጋዴ በባዶ ጆንያ ሸፈነው፤ ወንድሜ ጨው ሊገዛ ማዶ ተሻግሮ ነበር። «ጨው ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ቆየት ብሎ ሲጸልይ ሰማሁት። የወንድሜን ስም ጠርቶ «በሰላም መልሰው» አለ።

በማግስቱ በጠዋት ወደ የኔታ ቤት ሄድኩ። ቃሉን በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ጓደኛው ቀድሞኛል፤ የየኔታን የታመመ እግር ቅቤ እየቀባ ያሻል። የኔታ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው «ልጄ» ይሉታል። አሁን ብናገር ምን እንደሚሆን ታየኝ። የኔታ እሱን ያቅፉታል። ተማሪው ሁሉ እሱን ይከባል። እኔ ወሬ ያመጣሁ መንገደኛ ሆኜ በሩ ላይ እቀራለሁ። ያ ሰው ሁሉን ነገር ወስዷል፤ የወንድሜን ሳቅ፣ ወሬውን፣ አራት ዓመቱን። ሞቱ ብቻ የኔ ነበር። ከሰጠሁት ምን ይቀረኛል?

«ምን ፈለግህ የኔ ልጅ?» አሉኝ የኔታ።

«እንጨት ልልቀም ወይ ልል ነው» አልኩ።

በሁለተኛውም ጠዋት ሄጄ ውኃ ልቅዳ ወይ ብዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ለልመና ወጣን። የቅኔ ተማሪ የሚበላው ከየመንደሩ ለምኖ ነው፤ አዲስ ገቢ ደግሞ ነባሩን ተከትሎ ይለምዳል። ከጓደኛው ጋር መደቡኝ። ስንወጣ ተማሪዎቹ አሾፉብኝ።

«አንተ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል! ውሻ ሲመጣብህ በእንግሊዝኛ ተናገረው፣ ግራ ገብቶት ይመለሳል!»

«ተዉት፣ ፊዚክስ አለው። ዱላው ስንት ጉልበት እንዳለው አስልቶ ነው የሚመታው።»

በመጀመሪያው ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። ጮክ ልል ስል ድምፄ ተሰነጠቀ። አንዲት አሮጊት ከማጀት ወጥተው አዩኝ።

«ምነው ይሄ ድምፅ የለውም?»

«የዚያ ጓደኛዬ ወንድም ነው፣ እማማ» አለ ጓደኛው። «አዲስ ነው።»

«የዚያ? ኧረ! ያ እኮ ሲጠራ ቄጤማ ላይ ያለች ላም ይመልስ ነበር! መቼ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል እማማ። የሱን ድርሻ ይያዙለት።»

ሴትዮዋ ገብተው ሁለት ቁራሽ ዳቦ ይዘው ወጡ። አንዱን ለኔ ሰጡኝ። ሁለተኛውን በጓደኛው አኮፋዳ ውስጥ ከተቱት። «ይሄ የሱ ነው፤ አንተ ብላለት» አሉት።

ከመንደሩ ወጣን። ዝናቡ ጀመረ። ጓደኛው ዳቦውን ከአኮፋዳው አውጥቶ እኩል ሊቆርሰው ያዘ። ግማሹን ለኔ ሊሰጠኝ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ለምንድን ነው ላንተ የሰጡት?» አልኩ።

«ምኑን?»

«የሱን። ወንድሙ እኔ ነኝ።»

«እንካ፣ ሁሉንም ውሰደው። ሲመጣ ትነግረዋለህ፣ ዳቦህን…»

«አይመጣም» አልኩ። «ሞቷል። አራት ወር ሆነው።»

እንዲህ ነበር ያልኩት። በመንገድ መሃል፣ በንዴት፣ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው።

አልጮኸም። አኮፋዳውን መሬት አስቀመጠና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«አራት ወር» አለ። «አርባው አልፏል። ሰማንያውም አልፏል።» ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ እኮ በየማታው ከሕያዋን ጋር ነው የጠራሁት። በሰላም መልሰው እያልኩ። በሙታን ጸሎት አንድ ቀን ሳልጠራው።»

ከዚያ ተነሥቶ ደበሎውን አወለቀና ገልብጦ ለበሰው፤ ጠጉሩ ወደ ውስጥ ሆነ። ኀዘንተኛ እንዲህ ይለብሳል። እኔ ምስጢሩ እንዳይታወቅብኝ ሦስት ቀን ጋቢዬን ደህና አድርጌ ለብሼ ነበር። እኔም አወለቅሁና ዘቀዘቅሁት። ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ሁለተኛውን ጊዜ እሱ አነሣልኝ።

የኔታ ሲሰሙ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«አባትህ ምን ብሎህ ነበር?»

ነገርኳቸው።

«ታዲያ መርዶ ጭቃ ላይ ይጣላል? ሦስት ቀን ምን አስቀመጠህ?»

ብዙ ውሸት ይቻል ነበር። «ቀናሁ» አልኩ።

«በማን?»

በአገጬ ወደ ጓደኛው አሳየሁ። 

«ርስቱን እንኳ መንግሥት ወርሶታል» አሉ የኔታ። «አንተ ደግሞ ልቅሶ ልታጥር ነው?»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተማሪው ሁሉ ተሰበሰበና መርዶው እንደ ደንቡ፣ እንዳልተነገረ ሆኖ እንደገና ተነገረ። የመንደሩ ሰው መጣ። የፈራሁት ደረሰ። ሁሉም መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጓደኛው ነው። አቀፉት፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት። እኚያ ዳቦ የሰጡን አሮጊት አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። አንዱ ተማሪ «ወንድሙ ያ ነው» ሲላቸው ዞር ብለው «ውይ፣ አንተም» አሉኝ።  የሰው ልቅሶ እየቆጠርኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን መቁጠሬን መተው አልቻልኩም።

ከዚያ የኔታ ለጸሎተ ፍትሐቱ ቆሙ። በዚያ ደብር የሟቹን የክርስትና ስም የሚያስጠራው የቅርብ ሰው ነው። የኔታ ራሳቸው ስሙን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ቢሆንም ይጠይቃሉ።

«የማንን ነፍስ እናስብ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሁሉ ቀን ስፈልገው የነበረው ይህ ነው፤ ሁሉም እኔን እንዲያይ። አፌን ከፈትኩ። አጠገቤ ጓደኛው የተገለበጠ ደበሎውን ደረቱ ላይ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ከኋላዬ ሊቆም እንደሚገባው ያህል አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሏል።

ክርኑን ያዝኩና ወደፊት ሳብኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። በአገጬ ወደ የኔታ አመለከትኩት። የኔታም ዓይናቸውን ከእኔ ወደ እሱ አዞሩ። ከዚያ እሱ ስሙን ተናገረ፤ ሳይሰበር፣ እስከ ደጀ ሰላሙ በሚሰማ ድምፅ።

እኔ እንደዚያ አድርጌ መጥራት አልችልም ነበር። ያን ጊዜም ቀናሁበት። ክርኑን ግን አልለቀቅሁም።