ጠረጴዛው ላይ የወጣው ማስታወቂያ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስልኬ ጠራ። እኔ ስልክ ሲጠራ ራሱ እስኪያቆም የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ይሄኛው ግን አላቆመም። የቤታችን አከራይ ናቸው። እህቴ ክሊኒክ ተረኛ ሆና ስላላነሳችላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ጀሞ ነኝ» አሉ። «ልጄ ሊያገባ ነው። የእናንተም ውል እያለቀ ነው፤ ቤቱን ለእሱ ልሰጠው አስቤአለሁ። ለማንኛውም ጠረጴዛዬን አይቼው ልሂድ። እየመጣሁ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ቤት ልትለቁ ነው ተብሎ ሲነገረኝ እንኳን ከአፌ የወጣው «እሺ» ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው እህቴ፣ ሁለት ልጆቿና እኔ ነን። እኔ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ እስኪገኝ ልጆቹን እጠብቃለሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ እህቴም ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው። ይህን ቤት ለቀቅን ማለት በየጠዋቱ ሁለት ሕፃን ይዞ ታክሲ መጋፋት ማለት ነው።

ጠረጴዛው የአከራያችን ነው። ሟች ባለቤታቸው አናጢ ጠርተው፣ ከዋንዛ እንጨት፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው ያሠሩት። ሲሠራ ማንም ስለ በሩ አላሰበም። እትዬ ወደ ፉሪ ሲዛወሩ ዕቃቸውን ሁሉ ሲያወጡ ጠረጴዛው በበርም በበረንዳም እምቢ አለ። «ቤቱን አከራየኋችሁ» አሉን ሲሰናበቱ፣ «ጠረጴዛውን ግን አደራ ነው የሰጠኋችሁ።»

ሁለት ሕፃን ባለበት ቤት አደራ ከባድ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ትኩስ ነገር ክልክል፤ እርጥብ ነገር ክልክል፤ ብረት፣ እስክሪብቶ፣ ክርን ክልክል። ሕግ ብቻውን አላስተማመነኝምና ጠረጴዛውን ሸፈንኩት። ከሥር ጋዜጣ፣ ከላዩ ወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ ላይ ጨርቅ። ጋዜጣ በቤታችን ሞልቷል፤ የሥራ ማስታወቂያውን ካየሁ በኋላ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። እንዲህ አድርገን አንድ ዓመት ያህል በላንበት። የጠረጴዛውን መልክ ግን ሁላችንም ረስተነው ነበር።

ልጆቹ ሕጉን ከእኔ በላይ ወደዱት። የሰባት ዓመቷ እህትና የአራት ዓመቱ ወንድም በየምግቡ ጠረጴዛውን እየዞሩ ይፈትሻሉ። እናታቸው ከሥራ ደክማ ገብታ ቦርሳዋን ስታስቀምጥ ሁለቱም እኩል ይጮሃሉ፦ «እማዬ! ዚፕ!»

ስልኩን እንደዘጋሁ ሽፋኑን ገለጥኩ፤ ወልውዬ እንዲያብረቀርቅ ሳደርገው እትዬ ልባቸው ይራራል ብዬ ነበር። ጨርቁ ተነሣ፤ ላስቲኩም ተነሣ። ጋዜጣው ግን አልተነሣም። የመስኮቱ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሽፋኑ ላይ ሲያርፍ ቫርኒሹን አለስልሶት፣ ወረቀቱ ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ላጥኩት። ወረቀቱ ሲለቅ ጽሑፉ እዚያው ቀረ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ። በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፤ ምንም አላለም። በሩ ሲንኳኳ ሁሉንም መልሼ ሸፈንኩት።

እትዬ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ቁልፋቸውንም ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ።

«እማማ፣ ቁልፍ ክልክል ነው» አለ ትንሹ።

«ምን አልክ?»

«ይቧጭራል።»

እትዬ እያዩት ቁልፉን አነሡ። ክርናቸውን ሲያስደግፉ ደግሞ እህቱ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «ክርንዎን፣ እማማ» አለቻቸው። ሻይ አመጣሁ። ብርጭቆው ገና ሳይወርድ የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ ገባ።

«ለመሆኑ ይሄ ጠረጴዛ የማን ነው?» አሉት ትንሹን።

ትንሽ አሰበና «የአደራ ነው» አለ።

እትዬ ሳቁ። «በሉ እንግዲህ፣ ግለጡልኝና ልየው።»

«መግለጥ ክልክል ነው!» ብሎ ወንበር ላይ ወጣና ጠረጴዛው ላይ በሆዱ ተዘረጋ፤ ጨርቁን በሁለት እጁ ጨመደደው። እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣቴ ትዝ አይለኝም፤ ግን ምነው ቀደም ብዬ ባወጣሁት አልኩ።

«አንቺ፣ ይሄን ፖሊስሽን አንሺልኝ።»

ያለቅስብናል፣ ሌላ ቀን ይዩት ማለት እችል ነበር። ግን ጠረጴዛው የእሳቸው ነው። እግሩን እያወናጨፈ አቅፌ አነሣሁትና ሽፋኑን ገለጥኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ምንድነው? ልጆቹ ናቸው?»

«ልጆቹ ምንም አላደረጉም። እኔ ነኝ፤ እንዳይበላሽ ብዬ ጋዜጣ አንጥፌበት ነው የተበላሸው» አልኩ። ለእሳቸው ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ልጅቷ ሮጣ መስታወቴን አመጣችና ጽሑፉ ላይ አቁማ ማንበብ ጀመረች። ማንበብ የቻለችው በቅርቡ ስለሆነ ዕድል አያመልጣትም። «ክ…ፍት የ…ሥራ ቦታ። የሥራ ልምድ… አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ።»

«አለሽ?» አሉኝ እትዬ።

«ምን፣ እትዬ?»

«አምስት ዓመት።»

«የለኝም።»

«እንግዲህ እዚህ ታገኚያለሽ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «የልጄ ሙሽራ ምሳዋን ማስታወቂያ ላይ ትብላ? ‹አመልካቾች ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ› እያላት?»

«አናጢ ልጥራ?»

«አናጢማ ይልገዋል! ባለቤቴ ያሠራውን መላጊያ አይነካውም። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ በዘይትና በጥጥ፣ በእጅሽ፣ ቀስ ብለሽ ታስለቅቂዋለሽ። ጠረጴዛዬ እስኪጠራ ማንም ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም!»

«ልጅዎስ?» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«እኔ ጋ ይቆያል። ፉሪ ክፍል መች ጠፋ?» ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ።

ማታ እህቴ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ጠረጴዛውን ዞራ አየችው።

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው?»

«ሁለት ገጽ ሙሉ።»

«በደቃቁ?»

«በደቃቁ።»

«ጎሽ፣ የኔ እህት» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ ጥጥ በዘይት ነክሬ ተቀመጥኩ። የጀመርኩት ከትልቁ ርዕስ ነው። ገና አንድ ጊዜ አሸት ሳደርገው ቀለሙ ያለምንም ችግር ለቀቀ። ደነገጥኩ። በዚህ አያያዝ ለምሳ ሳይደርስ ሁሉም ያልቃል። ጥጡን አስቀመጥኩ። ከዚያ የለቀቀውን ቦታ በደረቅ ጨርቅ አደረቅኩ፤ ከርዕሱ «ክ» ብቻ ጠፍታለች። የዘይቱን ጠርሙስ ከድኜ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩትና ልጆቹን ለቁርስ ቀሰቀስኩ።