ባዶውን የማይመለስ አገልግል

የታሰርኩት በአንድ የጦር ሜዳ መነጽር ምክንያት ነው። መነጽሩ አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ ነው፤ በሌላው ውስጥ ሸረሪት አድርታበታለች። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ከአንድ ሽማግሌ ላይ ገዝቼ ወልዲያ ባለችው ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ከቀንድ ዋንጫዎችና ከዛጉ ቁልፎች መሃል ሰቅዬው ነበር። የምነግደው በአሮጌ ዕቃና በእጅ ሥራ ነው። ሰው የጣለውን አንስቼ፣ ወልውዬ፣ ለሚወደው ሰው ማገናኘት ደስ ይለኛል። እናቴ ስትቆጣ «ቤታችንን የቆሻሻ መጣያ አደረግሽው» ትለኝ ነበር።

ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች መነጽሩን አወረዱት።

«በዚህ የማንን እንቅስቃሴ ነው የምትከታተይው?» አለኝ አንደኛው።

«ጌታዬ፣ በዚህ እንኳን የሰው እንቅስቃሴ፣ የማዶው ሱቅ ሰሌዳም አይታይም» አልኩት።

አልሳቀም። ጊዜው የሳቅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በፒካፕ ጭነው መርሳ አወረዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ጥጉን የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። አንዲት ጠባብ መስኮት ከቁመታችን በላይ አለች። በእሷ የውጩ ድምፅ ይገባል እንጂ የውስጡ አይወጣም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ከሌሎች ሴት እስረኞች ጋር የምንተኛው በባዶ ማዳበሪያ ላይ ነው። ስገባ አንዲት አሮጊት ከማዳበሪያቸው ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ይሞቃል። አብሽሪ፣ ያልፋል» አሉኝ።

እማማ እላቸው ነበር። የግራና ሰው ናቸው፤ እድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ይመስለኛል። የታሰሩት በልጃቸው ምትክ ነው። ወንዱን ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት «እናቱ ከታሰሩ ይመጣል» ብለው እሳቸውን ያዙ። ልጁ አልመጣም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አያውቁም። የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። በየገበያው ቀን ከግራና ስንቅ በአገልግል ይዛ ትመጣለች። መገናኘት ክልክል ነው። እኛን የምትጠብቅ አንዲት ዘበኛ አገልግሉን በር ላይ ትቀበላታለች፣ ምግቡን በእንጨት ትወጋጋለች፣ ለእኛ ታስገባለች፤ ከበላን በኋላ ባዶውን መልሳ ታወጣዋለች። ወረቀትም ቃልም አይወጣም።

እማማ ምግቡን ሁላችንንም ያበሉናል። እሮብና አርብ ሲሆን ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጉና «ይኼ ቅቤ አልነካውም፣ ጾምሽን አትፍቺ» ይሉኛል። እንዲያ ሲያጎርሱ ፊታቸው ይበራል። አገልግሉን ለመመለስ ሲነሱ ግን ይጨልማል። ክዳኑን ይገጥሙታል፣ እንደገና ይከፍቱታል፣ ውስጡን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል።

«ባዶውን!» ይላሉ። «ወላሂ በዕድሜዬ የሰው ዕቃ ባዶውን መልሼ አላውቅም። ቢቸግር ቢቸግር አንድ እፍኝ ቆሎ፣ እሱም ቢጠፋ ቅጠል ጣል ይደረግበታል።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ዕቃ ባዶውን አይመልስም። እኔ ግን ያኔ «እማማ፣ እስር ቤት እኮ ነው፤ ማን ይታዘብዎታል?» እያልኩ አቃልለው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ዘበኛዋ አገልግሉን ይዛ ከወጣች በኋላ ወፍጮው ድንገት ዝም አለ፤ መብራት ሄዶ ይሆናል። የልጅቷ ድምፅ በመስኮቷ ጥርት ብሎ ገባ።

«እናቴ እዚህ የለችም! እናንተ ናችሁ ስንቁን የምትበሉት!»

«አለች አልኩሽ እኮ» አለች ዘበኛዋ።

«ብትኖር ዕቃውን ባዶውን አትሰድም! እኔ እናቴን አውቃታለሁ። ወይ ገድላችኋታል ወይ ወስዳችኋታል። በሚመጣው ገበያ አሁንም ባዶውን ካወጣችሁልኝ ደሴም ይሁን ከደሴ ወዲያ ፍለጋ እሄዳለሁ!»

እማማ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ። «አለሁ! አለሁ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ወፍጮው መልሶ ተነሣ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መቱት፤ ብሎኬት ምን ይሰማል? ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰው ይበላ ነበር። ለፍለጋ ወጥቶ ራሱ ተፈላጊ ሆኖ የቀረ ብዙ ነው። እማማ ይህን ያውቃሉ። ወንዱ ልጅ ጠፍቷል፤ ሴቷ ደግሞ በአንድ ባዶ አገልግል ምክንያት መንገድ ልትገባ ነው። እኔም ያቃለልኩት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ።

ሲነጋ እማማ ቤት ለመጥረግ መጥረጊያውን አነሱ። አንዱን ጭራሮ መዘዙና በጣታቸው አጎበጡት። አልተሰበረም።

«ይሰፋል» አሉኝ።

«ምኑ?»

«መጥረጊያው። ስንደዶ ባይሆንም ይሰፋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።»

ከታሰርኩ ጀምሮ ያኔ ነው ከልቤ የሳቅኩት። ሥራ ተጀመረ። ለመጠቅለያ አክርማ የለንም፤ ማዳበሪያችንን እየተረተርን ነጩን ክር አወጣን። ወስፌ የለንም፤ ከሚዶዬ አንድ ጥርስ ሰብረን ሲሚንቶው ላይ ፈትገን አሾልነው። ቀለም አማረንና የቀይ ሹራቤን እጅጌ ፈታሁት። ሌሎቹ ሴቶች በር ይጠብቃሉ፤ ኮቴ ሲሰማ «ዝናብ መጣ!» ይላሉ፤ ሁሉም ነገር ከእማማ ቀሚስ ስር ይገባል። እስር ላይ ሆኜም የማልረሳውን ደስታ ያገኘሁት እዚያ ነው። ስንት መሶብ ገዝቼ ሸጫለሁ፤ ከምንም ተነሥቶ ሲፈጠር ግን አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

እማማ ግራኝ ናቸው። ሌላ ሴት የሰፋችው ሰፌድ ወደ ቀኝ ሲዞር የእሳቸው ወደ ግራ ይዞራል።

«አማቴ ስቃ አትጠግብብኝም ነበር» አሉኝ። «‹የግራኝ ሰፌድ እህሉን ወደ ጎረቤት ያንገዋልላል› ትለኝ ነበር። ልጄ ዓይኗን ጨፍናም ብትዳስሰው ታውቀዋለች።»

የእጅ መዳፍ የምታክል ሰፌድ ወጣች። ነጭ ሆና መሃሏ ላይ ቀይ ዙር አላት። ዳርቻዋን ሲጨርሱ አገላበጥኳት። ሱቄ ውስጥ ብትሆን ለማንም አልሸጣትም ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። በላን። እማማ ሰፌዷን አገልግሉ ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ገጠሙ። ዘበኛዋ ገባች። ረጅም ናት፣ የደንብ ልብስ ለብሳለች፣ ፊቷ አይፈታም፣ ንግግሯም የእኛ አገር አይደለም። ስሟን ነግራን አታውቅም። ክዳኑን ከፈተች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዕቃ ባዶውን አይመለስም ልጄ» አሉ እማማ።

«ማን ፈቀደልሽ? ምን መልእክት ነው የጻፍሽበት?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን እጽፋለሁ?»

ዘበኛዋ ሰፌዷን ወደ ብርሃኑ አነሣቻት። ጫፉን ይዛ ሳበችው። የዳርቻው ዙር እየተተረተረ ክሩ እጇ ላይ ተንጠለጠለ። ውስጧ የመጥረጊያ ጭራሮ ብቻ እንደሆነ አየች፤ መልሳ አገልግሉ ውስጥ ወረወረቻት። ከዚያ አውጥታ ልታስቀራት ነው መሰል እጇን ሰደደች። እማማ አገልግሉን ከፊቷ አንሥተው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ከነሰፌዱ ካልሆነ ዕቃውም እዚሁ ይቀራል። ባዶውን አልሰጥሽም» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ብትመቺኝ ትችያለሽ፤ እጄ ግን አይለቅም።»

እኔም ተነሥቼ ከጎናቸው ቆምኩ፤ ሌሎቹም ሴቶች ተነሡ። ዘበኛዋ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «እሺ፣ አምጪ» አለች። እማማ ዓይን ዓይኗን አዩና ሰጧት። በሩ ተቆለፈ።

«እንዲያ ተተርትሮ!» አሉ እማማ ቁጭ ሲሉ። «ከሰጠቻትም የተፈታ ስፌት ነው የምታየው። የተፈታ ስፌት ደግሞ ምን ደግ ያወራል?»

ማዳበሪያቸውን አስተካክዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመስኮቷ የወፍጮው ድምፅ ብቻ ነበር የሚገባው።

እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ የኖርንበትን ኑሮ ባላወራው ይሻላል። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። ያቺ ቀን ስትደርስ ከጧት ጀምሮ በሩን በሩን ስናይ ዋልን። ዘበኛዋ ገባችና አገልግሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። እማማ ወደ እኔ ገፉት፤ እኔ ከፈትኩላቸው። ከላይ እንጀራ አለ፣ ከጎኑ ሦስት የግራና ማንጎ። ከእንጀራው ስር ደግሞ አንድ እስር አክርማ፤ ግማሹ ቀይ ቀለም የተነከረ።

እማማ አክርማውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያቅተኛል። ሁላችንም አለቀስን። ማንጎውን ተካፍለን በላን።

ከዚያ ወዲያ አገልግሉ ባዶውን ወጥቶ አያውቅም። ዘበኛዋም ክዳኑን መክፈት ተወች። እማማን ከእኔ አስቀድመው ለቀቋቸው። እኔንም አንድ ቀን ጠርተው «ጥፋት አልተገኘብሽም፣ ሂጂ» አሉኝ። መነጽሬን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ሱቄን መልሼ ከፍቻለሁ። ፀሐይ ሳይበረታ በባጃጅም በሚኒባስም ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። ሐራ ገበያ ላይ ክዳኑ የጠፋ የመዳብ ጀበና፣ ሌላ ቦታ እጀታው በጅማት የተጠገነ ዋንጫ አገኛለሁ። ያገኘሁ ቀን የልጅ ደስታ ነው የሚሰማኝ። ግራና ስሄድ ግን መጀመሪያ የምገባው እማማ ቤት ነው። ወንዱ ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ተሰምቷል፤ ገና አልመጣም። ዓይናቸው ደክሟል፣ አሁንም ይሰፋሉ።

ባለፈው ስሄድ ትንሿን ሰፌድ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅላ አየኋት።

«አንድ ዋጋ ጥሪልኝና ልውሰዳት» አልኳት ልጅቷን፣ ለጨዋታ።

«እናቴን ልሽጥልሽ ወይ?» አለችና አውርዳ ሰጠችኝ።

እንደ ልማዴ አገላበጥኳት። ዙሩ እስከ ቀዩ፣ ከቀዩም አልፎ ወደ ግራ ይዞራል። የመጨረሻው ዙር ግን አልተተረተረም፤ ሙሉ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። የማዳበሪያ ክር አይደለም፤ ጠንካራ፣ የደንብ ልብስ ቀለም ያለው የልብስ ስፌት ክር ነው። አሰፋፉም የቀኝ እጅ ነው። ያልለመደ እጅ፤ አንዳንዱ ጠብቋል፣ አንዳንዱ ላልቷል።

«ዳርቻውን መልሰሽ ሰፋሽው እንዴ?» አልኳት።

«እኔ? አልነካሁትም። እንዲሁ ነው የመጣልኝ።»

እማማ ከመደባቸው ቀና አሉ። «እኔ ደግሞ አንቺ የጠገንሽው መስሎኝ!»

ሦስታችንም ሰፌዷን አየናት። ያቺ ፊቷ የማይፈታ ዘበኛ፣ በሩን ከቆለፈችብን በኋላ፣ ማንም እንዳያያት የት ተደብቃ እንደሰፋችው እንጃ። እማማ ዳርቻውን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ ዙሩን እስኪጨርሱ። «አላህ እጇን ይባርከው» አሉ።

ዛሬ ሱቄ በር ላይ ስቀመጥ ደንብ ልብስ የለበሰች ሴት አንዳንዴ ታልፋለች። ድሮ ቶሎ ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። አሁን እጇን አያለሁ።