ሩጫዬ ያስነሳው ለቅሶ

ዛሬ ማለዳ ጋሽ ተሰማ ሞቱ... ቢያንስ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ብሎ አልቅሷል። ምክንያቱ ደግሞ እኔና ሩጫዬ ነን።

ትምህርቴን ጨርሼ ሰርተፊኬቴን ከተቀበልኩ ወዲህ በጅቡቲ ያላንኳኳሁት የቢሮ በር የለም። በመጨረሻ ወደቡ አጠገብ ያለ አንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ሊወስደኝ ተስማማ። የቀረኝ የሐኪም ወረቀት ብቻ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ደረቴን አዳምጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ትንፋሽህ አጭር ነው። ፀሐይ ሳትወጣ በየማለዳው ሩጥ፣ ረጅም መንገድ ሩጥ። ከወር በኋላ ተመለስ። ያኔም እንዲህ ከሆንክ አልፈርምልህም» አሉኝ።

ሮጥኩ! ምን ላድርግ? በባሕሩ ዳር አድርጌ እስከ አምቡሊ አትክልት ቦታ ደርሼ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጎኔን ወጋኝ፣ ጉልበቴ አበጠ፣ የእግሬ ጥፍር ጠቆረ። እየቆየ ግን እንቅልፌ ጣፈጠ፣ ምግብም ያምረኝ ጀመር። ሰዉ ግን መች ይተወኛል! «ልብህ ይፈነዳል!»... «በላብህ ላይ ነፋስ ሲያገኝህ ምች ይጥልሃል!»... «ለመሆኑ ማን እያባረረህ ነው?»... አንድ ዘበኛማ ሌባ መስዬው ግማሽ ከተማ አሳዶኛል። አልደረሰብኝም እንጂ። ይህንንም ለሐኪሙ እንደ ማስረጃ ላቀርብ አስቤ ነበር።

ዛሬ ቀጠሮዬ ነው። ደረቴን ላፍታታ ብዬ ገና ሳይነጋጋ ወጣሁ። ከአምቡሊ ስመለስ የባሕሩ ነፋስ አሸዋውን ዓይኔ ውስጥ ሲሞጅረው፣ ለዛሬ እንኳ በሰፈር ውስጥ ልለፍ አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ደጅ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። እትዬ በላይነሽ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ከእናቴ ጋር ቡና የሚጠራሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ጋሽ ተሰማ የባቡር ጣቢያው ዕቃ ማከማቻ የሌሊት ጠባቂ ናቸው። በራቸው ፊት ቆሜ፣ አየር እንዲገባልኝ ብዬ ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ።

እስቲ አስቡት። ሰዓቱ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው። አንድ የሰፈር ልጅ እየሮጠ መጥቶ ደጃቸው ላይ ቆሟል... እጁ አናቱ ላይ፣ ፊቱ እርጥብ፣ አፉ ተከፍቶ ቃል አይወጣውም!

በሩ ተከፈተ።

«ምነው ልጄ? ምን መጣ?»

ትንፋሽ የለኝም። እንደምንም ብዬ፣

«እትዬ... እባክዎ... ይቀመጡ» አልኩ። ላስረዳቸው እኮ ነው! መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው በዚሁ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ወይኔ ተሰማዬ! ወይኔ ቤቴ!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጠላው ተዘቀዘቀ፣ ደረት ተደቃ። የጎረቤት ሴቶች የጋሽ ተሰማን ደግነት እየጠሩ ያለቅሳሉ። ትናንት በቆሻሻ ውኃ ምክንያት ከሳቸው ጋር ስትሰዳደብ የዋለችው ሳትቀር!

«ሰውየው አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ።

አንዲት አሮጊት እጄን ያዝ አደረጉኝ። «እውነትህን ነው ልጄ። እንደሱ ያለ ደግ ሰው አይሞትም» ብለው ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ሰውየውን በአካል ከማምጣት ሌላ መላ አልነበረም። ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ጋሽ ተሰማ ሥራቸውን ጨርሰው ፋኖሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ከበሩ ሲወጡ አገኘኋቸው። ፊታቸው ስደርስ ትንፋሼ እንደገና እልም አለ። እጄ ደግሞ ለምዶበት ነው መሰል... አናቴ ላይ ወጣ።

ፋኖሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«በላይነሽን ምን አገኛት!»

«ደህና ናቸው ጋሼ! እርስዎን እያለቀሱ ነው!»

«እኔን? እኔ ምን ሆኜ?»

«ሞተው!»

ጋሽ ተሰማ ሐዲዱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «አታታልለኝ። እንዲህ ቀባጥራችሁ ነው ሰውን ቤቱ ድረስ የምትወስዱት። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ እያባበልኩ ወስጃለሁ!»

ብምል ብገዘት አላመኑኝም። መንገዱን ሙሉ ሚስታቸውን እያለቀሱ፣ እኔ ደግሞ ክንዳቸውን ይዤ እየለመንኩ ደረስን። ገና ከሩቅ የቤታቸውን ለቅሶ ሲሰሙማ ጭራሽ አበቃላቸው። እሪ እያሉ ዘው ብለው ገቡ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ በላይነሽ በባላቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ፣ ፊታቸውን ዳበሱ፣ እጃቸውን ሳሙ... ከዚያ ቀና ብለው እኔን ፈለጉ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ሳይ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁንም ሮጥኩ፤ ሐኪሙ ቢሮ እስክደርስ አልቆምኩም።

ሐኪሙ ደረቴን አዳመጡ። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ። እንደገና አዳመጡና ሳቅ አሉ።

«ግሩም ነው! ሩጫ እኮ ለልብ መድኃኒት ነው። እንዳታቆም!» ብለው ፈረሙልኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። እትዬ በላይነሽ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ተጋድመዋል። ጋሽ ተሰማ አጠገባቸው ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ወረቀቱን አገኘህ?» አሉኝ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አገኘሁ እትዬ።»

«እሰይ ልጄ። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው ተራመድ።»

ሩጫ ለልብ መድኃኒት ነው ብለውኛል ሐኪሙ... ለማን ልብ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።