ጣሪያው የሚያፈስ የፈረንሳይ ደብር

«የባሰ አለና አገርሽን አትልቀቂ» አሉኝ አያቴ፣ ስምንተኛ ክፍልን አቋርጬ ዐረብ አገር ልሄድ ስነሣ። ሰምቻቸው ቀረሁ፤ የባሰውን ግን እስከ ዘንድሮ ክረምት አላየሁትም ነበር።

ቡሬ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ክፉኛ ያፈሳል። ልጄን እንኳ ከቄሱ ቀድሞ ያጠመቃት ጣሪያው ነው። እናም አንድ ፈረንሳዊ የጥንት ሥዕሎቻችንን ሊያይ መጣ ሲባል፣ ቆርቆሮ እንዲያለብስልን ልንለምነው ተሰብስበን ጠበቅነው። ልመናውን የሚያቀርቡት መሪጌታ ነበሩ።

ሰውየው ግን ቀደመና አገሩ ያለውን የራሱን መንደር ቤተ ክርስቲያን በስልኩ አሳየን። ስምንት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የድንጋይ ሕንፃ ነው።

«ስንት ካህናት አሉት?» አሉ መሪጌታ።

አስተርጓሚው ጠይቆ፣ «አንድ ቄስ፤ እሱም ለዐሥራ ሁለት መንደር ነው» አለ።

«ዲያቆናቱሳ?»

«የሉም። ቁልፉን የምትይዘው አንዲት ጎረቤት ናት። ጣሪያውም ያፈሳል።»

ከኋላዬ የቆሙ ባልቴት ደረታቸውን ደቁ። «እኔን ይድፋኝ! ታቦቱን ብቻውን ጥለው?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘረጉ። «በሉ፣ ያላችሁን ጣሉለት!» ጧፉም ዕጣኑም ተከመረ። ፈረንሳዊው የእንግዳ ስጦታ መስሎት እጅ ይነሣል።

ጠጋ ብዬ፣ «የኔታ፣ የኛ ጣሪያስ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ ልጄ! እኛ ቢያፈስብን ተጠጋግተን እንቆማለን። አሁን ከዚህ ምስኪን ይለመናል?»

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጃንጥላዬን አጠፍኩና ከጧፉ ላይ ጨመርኩለት።