ለመስታወቱ ገንዳ የመረጥኳት ቆሮሶ

ትናንት ታናሽ እኅቴ ትርንጎ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ከሜዳው መጣች። በዘይት ቆርቆሮ አምስት ትንንሽ የቆሮሶ ዓሦች ይዛለች።

«የሺ፣ የማይጣሉትን ሁለቱን ምረጭልኝና ሌሎቹን ልመልስ» አለችኝ።

«እኔ ዓሣ አልመርጥም።»

«ምነዋ? ትምህርት ቤት መራጯ አንች ነበርሽ አሉ።»

ቆርቆሮዋን አንሥታ አኩርፋ ወጣች። ማታውን ሙሉ ያ ነገር ከፊቴ አልሄድ አለ።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ አሥራ ሁለት ነበርኩ። ደርግ ገና አልወደቀም። የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሼ አስናቀ ከመስኮት መስታወትና ከብረት አንድ ገንዳ አሠርተው፣ የርብን ወንዝ አሸዋ ከታች አንጥፈው፣ ክፍላችን ጥግ አስቀመጡት። ነጫጭ ጥቃቅን ዓሦች ገብተውበታል። «አሁን ደግሞ ከእነሱ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ቆሮሶ እንፈልጋለን» አሉን።

ወሩ መስከረም ነበር። በክረምት የፎገራን ሜዳ የሚሸፍነው ውኃ ወደ ጣና ሲሸሽ በየጎድጓዳው ዓሣ ጥሎ ይሄዳል። ኑጉ ቢጫ ሆኖ፣ መረሬው ጭቃ ጫማ እየነጠቀን፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በአንድ እጃችን እየጋጥን በቅርጫት ዓሣ ጨለፍን። ጋሼ ከዳር ቆመው ይመክሩናል።

«ትልቁ አያጓጓችሁ። መጀመሪያ ሁለት ቀን ሳፋ ውስጥ ይዋል። የሚያሳድድ፣ ጥግ ይዞ ሌላውን የማያስጠጋ ከነጫጮቹ ጋር አይኖርም። ትንሽና ሰላማዊ ነው የምንፈልገው።»

«ጋሼ፣ ትንሽና ሰላማዊማ የሺ አለችልዎት። እሷን እንክተታት» አለ ደሴ። የክፍላችን ቀልደኛ እሱ ነበር።

ጋሼም ስቀው «እንግዲያው መራጯ እሷ ትሁን» አሉ።

ሁለት ቀን ሳፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጅራቱ ቀላ ያለው ወንድ አሸዋውን እየቆፈረ ሁሉንም ሲያባርር ዋለ፤ መለስኩት። ሌላው የጓደኛውን ክንፍ ነከሰ፤ እሱንም መለስኩ። አንዷ ግን ከመዳፌ የማትበልጥ፣ አገጯ ወፈር ያለ፣ ማንንም አትነካም። ፍርፋሪ ስጥል እንኳ አፏን አትከፍትም። መነኩሲት አልኳትና ገንዳው ውስጥ ከነጫጮቹ ጋር ጨመርኳት። ከዚያ ሁሉ ሜዳ ጨዋዋን ያገኘሁ እኔ ነኝ ብዬ ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ጋሼ ለሴሚናር ጎንደር ተጠሩ። «ሰኞ እመለሳለሁ» ብለው የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ሐሙስ ጠዋት ስከፍት በመነኩሲቷ ዙሪያ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ፣ ዓይን ብቻ የሚመስሉ ልጆች ይርመሰመሳሉ። ደስታዬን ለብቻዬ መቻል አቅቶኝ የክፍላችንን ልጆች ጠራሁ። ሁሉም ገንዳውን ከበበ። ደሴ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርገው፣ እናትየው አፏን ከፈተች፤ ልጆቿ በአንድ አፍታ ገቡ። ዘጋችው።

«ልጆቿን በላች» አለ ደሴ።

በዚያ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ አይጠፋም። ከእናቶቻችን ኋላ ተቀምጠን አነጋገሩን ሁሉ በቃላችን ይዘነዋል። ደሴ አግዳሚው ላይ ወጣ።

«ጓዶች፣ ስብሰባው ተከፍቷል። ይች ሰላማዊ መስላ ሰርጋ የገባች ናት። ማነው የመረጣት?»

ሳቅ ሆነ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ ግለ ሂስ ታድርግ።»

እኔም እየሳቅሁ ተነሣሁ፤ ፊቴ ግን ነዶ ነበር። «አላወቅኋትም። አታለለችኝ» አልኩ።

«እርምጃውስ?» አለ ደሴ።

«ትውጣ» አልኩ። እንዲህ በይ ያለኝ ማንም የለም፤ ከራሴ አፍ ነው የወጣው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ማሬ ቀስ ብላ «ጋሼ እስኪመጡ ብንቆይስ?» አለች።

«ወላዋይ!» አላት ደሴ። እንደገና ሳቅ ሆነ። ለውሳኔው እጅ ሲወጣ ማሬም አወጣች።

በሁለት እጄ ያዝኳትና ከክፍሉ ኋላ ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። ተንፈራገጠች። ከበን እናያለን። መንፈራገጡ እየደከመ ሲመጣ አፏ ተከፈተ፣ ልጆቿም ሣሩ ላይ ፈሰሱ። እያንዳንዳቸው ይንቀሳቀሳሉ።

«በሕይወት ናቸው» አለች ማሬ።

እናትየውን ይዤ ሮጥኩ፤ ውኃው ላይ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ልጆቿን በቅጠል እየለቀምን ገንዳው ውስጥ ጨመርናቸው። ነጫጮቹ ዓሦች፣ እነዚያ ሰላማዊ ያልናቸው፣ ዓይናችን እያየ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። የሚስቅ አልነበረም። ደሴ አንዴ እኔን አንዴ ማሬን ያያል።

ሰኞ ቁልፉን ስመልስ ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ነው የምትጠብቅ» አሉ። «እንቁላሉንም በአፏ ነው የምትይዘው። ስትመርጫት ያልበላችው፣ ያልተጣላችውም ለዚያ ነው። ሳልነግራችሁ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ «የተቃወመ ነበር?» አሉኝ።

«ማሬ።»

«ከዚያስ?»

«እጇን አወጣች።»

ሂደው በሩን ዘጉት። የተመለሱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። «የሺዬ፣ የዓሣውን ነገር ለፈለግሽው ንገሪ። የስብሰባውን ግን ለማንም፣ ለእናትሽም ቢሆን፣ እንዳታወሪ። ለጓደኞችሽም ንገሪልኝ። በቀበሌው ስብሰባ መቀለድን እኔ ያስተማርኳችሁ ይመስላል።» አስተማሪ እንደሚፈራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ጋሼ በዓመቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ደርግም ወደቀ፤ የምንፈራቸው ሰዎች ዛሬ የሉም። ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ «እነሱ እንዲህ አደረጉ፣ እነሱ እንዲያ አስደረጉን» ሲል እሰማለሁ፤ ብዙው እውነት ይሆናል። እኔ ግን ያን ሐሙስ ሳስበው ያስገደደን አንድ ሰው አላገኝም። ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረው፤ ያጣደፈንም አልነበረም።

ለትርንጎ ልነግራት ወስኛለሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ታሪኩን ከደሴ ልጀምር ነበር፤ ስብሰባውን የከፈተ እሱ ነውና። አይሆንም። «ትውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ።